ሐረጎን የምትወርድ ሚኒባስ፦ የአንድ ጌም ቡድን የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1 (ከጥቅምት 4 ቀን 2017)

የምንሠራው የስልክ ጌም ከደሴ መናኸሪያ ተነሥታ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ስለምትወርድ ሚኒባስ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ሹፌር ሆኖ ተሳፋሪ ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ከሁሉም በላይ ፍሬኑን ሳያቃጥል ይደርሳል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለችው ደሴ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ ስለሚያወርድ፣ ለጌም የሚያስፈልገውን አደጋ እኛ መፍጠር አላስፈለገንም።

ቡድኑ አራት ሰው ነው። ስማችንን እዚህ ላለማስፈር ስለተስማማን ሁሉንም በሥራ ድርሻው እጠራለሁ። እኔ ፕሮግራመር ነኝ፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ስለሆንሁ "ዲዛይነር" በሚለው ቦታም የራሴን ስም ጽፌአለሁ። ሠዓሊዋ የሱቅ ታፔላ ስትሠራ የቆየች ስትሆን ብሌንደር የተባለውን የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌር የተማረችው በራሷ ነው። የድምፅ ባለሙያው ኮምቦልቻ በፋብሪካ ፈረቃ የሚሠራ ክራር ተጫዋች ነው። አራተኛው አብሮኝ የተማረ ፕሮግራመር ሲሆን የሚመጣው ማታ ማታ ብቻ ነው። ሌቭል ዲዛይነር (የመጫወቻውን ቦታ የሚያደራጅ)፣ ሞካሪና ፕሮዲዩሰር (ሥራውንና ጊዜውን የሚያስተዳድር) በሚሉት ቦታዎች ፊት "ሁላችንም" ብለን ጽፈን አለፍን።

ጎዶት የተባለውን ኢንጂን (ጌም የሚሠራበትን ሶፍትዌር) የመረጥነው ነጻና ክፍት ምንጭ በመሆኑ፣ በዶላር የሚከፈል ነገር ስለሌለውና መጫኛው ከ100 ሜጋባይት በታች በመሆኑ በሞባይል ዳታ ስለሚወርድ ነው።

ወጪ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ባለ 8 ጊጋ ራም 38,000 ብር፣ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ 1,900 ብር፣ የወር ዳታ 1,000 ብር። የምንሠራበት ክፍል በሠዓሊዋ እናት ግቢ ጓሮ ያለ ስለሆነ ኪራይ የለበትም፤ ስኳሩን ግን በተራ እናመጣለን።

ሳምንት 2 እና 3

መኪናዋ ግራጫ ሳጥን፣ መንገዱ ጥቁር ሪባን ሆነው ይንቀሳቀሳሉ። መሪ፣ ነዳጅ መስጫ፣ ፍሬንና ማርሽ ሠርተዋል። ስለ ፍሬን ሙቀት የጻፍሁት ስሌት ቀላል ነው፦ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር እንደ ፍጥነቱ መጠን ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሲለቀቅ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ 100 ሲደርስ ፍሬኑ እምቢ ይላል። በእውነተኛው መኪና ላይ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሸራው ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ትልቅ ስህተት በሦስተኛው ሳምንት ኀሙስ ተፈጸመ። የመንገዱን ፋይል እኔ ኩርባ ለማስተካከል፣ ሠዓሊዋ ዛፍ ለመትከል፣ ማታ የሚመጣው ፕሮግራመር ደግሞ የመብራት አቅጣጫ ለመቀየር በአንድ ቀን ከፈትነው፤ የእያንዳንዳችንን ለውጥ በጊት (የፋይል ለውጦችን መዝግቦ በሚያዋሕድ ሶፍትዌር) ለማዋሐድ ስንሞክር ፋይሉ አልከፈት አለ። የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ጠፋ። ሠዓሊዋ "መንገዱ የማን ነው?" ብላ ስትጠይቅ ሦስታችንም በአንድ ድምፅ "የሁላችን" አልን፤ የተናደደችው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የተሞከረው፦ መንገዱን በአራት ቁራጭ ፋይል ከፈልነው፤ ዛፉ፣ መብራቱና ኩርባው ለየብቻ ፋይል ኖራቸው፤ በእያንዳንዱም ፋይል ላይ አንድ ስም ተጻፈ። ሌሎች ቡድኖች ሌቭል ዲዛይነር የሚባል ሰው ለምን እንደሚያስቀምጡ የገባኝ ዛፎቹን በድጋሚ ስንተክል ነው።

ሳምንት 4

ሠዓሊዋ የሠራቻት ሚኒባስ ስትታይ ልብ ትሰርቃለች፦ ሰማያዊና ነጭ ቀለም፣ በኋላ መስታወቷ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ፣ የተሰነጠቀ የጎን መስታወት፣ በጣሪያዋ ላይ የታሰረ ፍራሽ ጭምር አላት። ችግሩ 14,000 ሦስት ማዕዘን (የጌም ቅርጽ የሚገነባባቸው ትንንሽ ቁራጮች) የያዘች መሆኗ ነው። በላፕቶፑ ላይ በደንብ ሮጠች፤ 2 ጊጋ ራም ባለው ስልክ ላይ ግን ጌሙ በሴኮንድ 9 ፍሬም (ምስል) ብቻ አሳየ፣ ስልኩም እስኪያቃጥል ድረስ ጋለ።

ጥፋቱን በእሷ ላይ ልጥል ቃጥቶኝ ነበር። እውነቱ ግን ስንት ሦስት ማዕዘን እንደሚፈቀድ አስቀድሞ የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው። በትልልቅ ስቱዲዮ በሠዓሊውና በፕሮግራመሩ መካከል ቆሞ ይህን የሚመትር፣ ቴክኒካል አርቲስት የሚባል ሰው አለ። እኛ ዘንድ ያ ሰው የለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እኔ አወጣሁ፦ መኪናዋ ከ1,800 እንዳትበልጥ፣ ዛፍ ከ120 እንዳይበልጥ፣ የግድግዳና የመንገድ ሥዕሎች ሁሉ በአንድ 1024 በ1024 ፒክስል ሥዕል ላይ እንዲሰፍሩ። ሠዓሊዋ ፍራሹንና የተሰነጠቀውን መስታወት ወደ ሥዕል ለውጣ ቅርጹን በአራት ቀን ቀነሰችው። አሁን በዚያው ስልክ ላይ በሴኮንድ 30 ፍሬም እናገኛለን። ፍራሹ እንዳይነሣ ስለተከራከረች ብቻ አለ፤ ትክክል ነበረች።

ወጪ፦ ለሙከራ የሚሆን ያገለገለ ስልክ 6,500 ብር።

ሳምንት 5

መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። አልተሠራም። የላፕቶፑ ባትሪ ከ40 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ ያወቅነው በዚህ ሳምንት ነው።

ሳምንት 6

የረዳት ጥሪ ለመቅዳት ከጧቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። የደሴ ብርድ በዚያ ሰዓት ጣት ስለሚያደነዝዝ የድምፅ ባለሙያው ማይኩን በሹራቡ እጅጌ ጠቅልሎ ነበር የያዘው። የመጀመሪያው ቅጂ አልሆነም፤ የሞተር ድምፅ፣ የሌሎች ረዳቶች ጥሪና የተራ አስከባሪው ፉጨት አብረው ገብተው አንዱን ከሌላው መለየት አልተቻለም። በዚያ መስመር ለስምንት ዓመት የሠራ አንድ ረዳት ሁኔታችንን አይቶ፣ ማታ ሥራ ሲጨርስ ወደ ክፍላችን መጥቶ በጸጥታ እንደሚጠራልን ነገረን፤ ለማታው 300 ብር ተስማማን።

መጣ፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ቀዳነው። "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው ኮምቦልቻ!" የሚለውን ጥሪ በአምስት ዓይነት መንገድ ጠራ። መኪናው ግማሹ ባዶ ሲሆን የሚጠራው በፍጥነትና በከፍተኛ ድምፅ ነው፤ በእርግጥ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ደግሞ ዝቅ አድርጎ፣ የሰለቸው መስሎ ይጠራል። "ያን ጊዜማ ሰው ራሱ ሮጦ ይመጣል፤ ምን አስጮኸኝ?" አለን። እኔ አንድ ድምፅ ለመቅዳት ነበር ያቀድሁት፤ ለተሳፋሪው ምልክት የሚሰጡ አምስት ድምፆች ይዘን ቀረን።

ከቅጂው በኋላ ስልኩን ሰጠነው። መንዳት ከመጀመሩ በፊት ስክሪኑን ወዲህና ወዲያ እየገፋ የሆነ ነገር ፈለገ። ምን እንደሚፈልግ ብጠይቀው፣ "በሩ የት ነው? እኔ ያለሁበትን አላየሁትም" አለኝ። ጌሙ ውስጥ ረዳት የለም። ተሳፋሪው መኪናዋ ስትቆም በራሱ ይገባል፣ በራሱ ይከፍላል፣ በራሱ ይወርዳል። ቀጠለና፣ "ወንድሜ፣ ሹፌሩ እኮ የሚያየው መንገዱን ነው። ሰውን የማየው እኔ ነኝ" አለ።

ከዚያ መንዳት ጀመረ። ቁልቁለቱ ላይ አራተኛ ማርሽ እንደገባ ፍሬን በመርገጥ ብቻ ኮምቦልቻ ስለደረሰ ስልኩን አስቀምጦ ሳቀ። "እንዲህ ከተወረደማ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ይሸታል። ሐረጎን የምትወርደው ማርሽ ቀንሰህ ሞተሩ ራሱ ይዞህ ነው፤ ፍሬኑ ለኩርባው ብቻ ነው።" ስሌቱ ውስጥ ማርሽ ፍጥነትን ይወስናል እንጂ ቁልቁለት ላይ መኪናዋን እንዲይዝ አላደረግሁትም ነበር። በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀይ የሙቀት መስመር አሳይቼው ይህ ምን እንደሚል ብጠይቀው አላየውም ነበር። "በመኪና ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር የለም። አንዷ እናት 'ምን ይሸታል?' ትላለች፤ ያን ጊዜ ነው የምታውቀው።"

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስድስት ሳምንት የሠራሁት ዲዛይን በ20 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ ተበጠሰ።

ሳምንት 7 እና 8

ለአንድ ሳምንት ያህል ተከላከልሁ። ረዳትን መጨመር የቁጥጥሩን አሠራር ሁሉ ይቀይራል፣ ጊዜ የለም፣ ሰውየው ጌም ሠርቶ አያውቅም የሚሉ ምክንያቶች አቀረብሁ። የመጨረሻውን ምክንያት ሠዓሊዋ ናት ያፈረሰችብኝ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣውን "ዶንኪ ኮንግ" የተባለ ጌም የነደፈው ሺገሩ ሚያሞቶ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን የተማረ እንጂ ፕሮግራመር እንዳልነበረ ከዚህ በፊት ያነበብሁላት እኔው ነበርሁ፤ የራሴን ወሬ መልሳ አመጣችብኝ።

ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ዲዛይነሩ ረዳቱ ነው። በስም ብቻ እንዳይቀር ሁለት ነገር ማድረግ ነበረብን። አንደኛ፣ የማታው ክፍያ ቀርቶ እንደ ሌሎቻችን ከገቢው አንድ አምስተኛውን እንዲያገኝ በወረቀት ተፈራረምን። ሁለተኛና ከባዱ፣ በኮዱ ውስጥ ተበትነው የነበሩትን ቁጥሮች በሙሉ አውጥቼ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አሰፈርኋቸው፦ የፍሬን ሙቀት ጭማሪ፣ የመቀዝቀዣ ፍጥነት፣ በየማርሹ የሞተሩ የመያዝ ኃይል፣ ተሳፋሪ የሚታገሥበት ጊዜ፣ መልስ ሲዘገይ የሚቆጣበት ሴኮንድ። ቀድሞ አንድ ቁጥር ለማስቀየር እኔን መጠበቅ ነበረበት፤ እኔም ሳልስማማ ስቀር "እሺ፣ ነገ" እለው ነበር። ይህን ማስፈሬ ደስ አይለኝም፤ የሆነው ግን እንዲህ ነው። ሠንጠረዡ በተሰጠው የመጀመሪያ ማታ ብቻ ቁጥሮቹን 22 ጊዜ ቀያየረ።

ቀዩ መስመር ተነሣ። በምትኩ ሙቀቱ 60 ሲደርስ ከኋላ መቀመጫ "ምን ይሸታል?" የሚል ድምፅ ይመጣል፤ 80 ሲደርስ "ሹፌር፣ ኧረ ቀስ!" ይሰማል፤ ከ90 በላይ ሁሉም ዝም ይላል። ዝምታውን የጨመረው እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "ሲፈሩ አይናገሩም" አለኝ። የሠዓሊዋ እናት፣ የእኔ እህትና ሁለት የሰፈር ልጆች የተሳፋሪዎቹን ድምፅ ሰጡ።

አሁን የግራ አውራ ጣት ይነዳል፣ የቀኙ የረዳቱን ሥራ ይሠራል፦ በር ይከፍታል፣ ይጠራል፣ ሂሳብ ይሰበስባል፣ መልስ ይሰጣል። ኩርባ ላይ ሆኖ መልስ የሚቆጥር ተጫዋች መኪናዋን ሲያወጣት ማየት የጀመርነው በዚህ ሳምንት ሲሆን፣ ጌሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን አሳቀ።

ሳምንት 9 እና 10

ሙዚቃ። የድምፅ ባለሙያው ሐሳብ መንገዱ በአምባሰል ተጀምሮ ቆላው ሲቀርብ ወደ ባቲ እንዲዞር ነበር፤ ሁለቱም ቅኝቶች የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ስለሆኑ ሐሳቡ ለሁላችንም ጣመን። እኔ አንዱን ድምፅ ቀንሼ ሌላውን በመጨመር አዋሐድኋቸው፤ በመሸጋገሪያው አራት ሴኮንድ ውስጥ የሰማነው ክራር በስህተት የተቃኘ ይመስል ነበር። ባለሙያው ፊቱን አጨማደደና ምክንያቱን አስረዳኝ። ከዶ ብንነሣ አምባሰልና እሱ የሚጫወተው ባቲ የሚጋሩት ዶን፣ ፋንና ሶልን ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁለት ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ ይጋጫሉ።

መፍትሔውም የእሱ ነው። በእነዚያ ሦስት ድምፆች ብቻ የምትመታ የስምንት ሴኮንድ ድልድይ ቀዳ፤ መኪናዋ የመጨረሻዎቹ ኩርባዎች ላይ ስትደርስ ጌሙ ወደ ድልድዩ ይገባል፣ ስንኙ ሲያልቅ ወደ ባቲ ይወጣል። የእኔ ሥራ ስንኙ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ኮድ መጻፍ ብቻ ሆነ።

ትንሽ ስህተት፦ ቅጂዎቹን ሁሉ ድምፅን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የዌቭ ፎርማት አስገብተን ነበር። በዚያ ፎርማት አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ሙዚቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ የጌሙ መጠን 140 ሜጋባይት ደረሰ። ሙዚቃውን ድምፅን ወደሚጨምቀው ኦግ ስንቀይረው ወደ 46 ወረደ። በአገራችን ሰው ጌም ከማውረዱ በፊት መጀመሪያ የሚያየው መጠኑን ነው።

ሳምንት 11 እና 12

በዕቅዳችን መሠረት በታኅሣሥ መጨረሻ ሁሉም ነገር ማለቅ ነበረበት። ግማሹም አላለቀም። ሠዓሊዋ በግንባታ ዕቃ መደብር ሒሳብ የምትሠራ እህት አለቻት፤ አንድ ቅዳሜ ቡና ስታቀርብልን ስንጨቃጨቅ ሰምታ የሥራ ዝርዝሩን እንድናሳያት ጠየቀች። በዝርዝሩ ላይ 41 ሥራ ነበር፤ በ17ቱ ፊት ባለቤት ተብሎ የተጻፈው "ሁላችንም" ነው። ዝርዝሩን በእስክሪብቶ እየነካች፣ "ሁላችንም የምትሉት ማን ነው? ስልኩን ስጡኝና ልደውልለት" አለች።

ፕሮዲዩሰር አገኘን። ስያሜው ወደ ጌም የመጣው ከሙዚቃና ከፊልም ሥራ ሲሆን፣ በ1982 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጌም ኩባንያ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ካስለመዱት አንዱ ነው። ይህን ሳብራራላት ብዙም አልገረማትም፤ "መጋዘን ቆጣሪ በሉት" አለች። መሣሪያዋ ባለ አራት ዓምድ ደብተር ነው፦ ሥራው፣ ባለቤቱ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ያለቀበት ቀን። ባለቤቱ በሚለው ዓምድ ከአንድ ስም በላይ አትጽፍም። ሁለት ሰው የሚሠራው ከሆነ ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች።

ከዚያ መቁረጥ ጀመረች። ዝናቡ ወጣ፣ የማታ ጉዞው ወጣ፣ የሐይቅ ከተማ መስመር ወጣ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ወጣ። ስለ ዝናቡ አጥብቄ ተከራከርኋት፤ የክረምቱ የሐረጎ ጉም የሌለበት ሐረጎ ምኑ ሐረጎ ነው ብዬ። ስንት ቀን እንደሚወስድ ጠየቀችኝ፤ አምስት አልኋት። ከዚህ በፊት አምስት ቀን ያልሁት ሥራ ስንት ቀን እንደወሰደ ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ፦ 13። ጉሙን ብቻ፣ ዝናብ ሳይኖረው፣ በሁለት ቀን ከሠራሁት እንዲገባ ፈቀደች። በሦስት ቀን ሠራሁት፤ አስገባችው፣ ነገር ግን "3" የሚለውን በቀይ ጻፈችው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሠዓሊዋ እህቷ ስለሆነች ይሁን አይሁን ባላውቅም፣ የሥዕል ሥራ ሲዘገይ ቀዩ እስክሪብቶ ቶሎ አይወጣም።

ሳምንት 13 እና 14

ማታ የሚመጣው ፕሮግራመር ሞካሪ ሆኖ ተመደበ። መጀመሪያ እንደ ቅጣት ቆጥሮት ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን ከሁላችንም በላይ የሚፈራ ሰው ሆነ። ቀድሞ የባግ (የጌሙ ስህተት) ሪፖርታችን "ይበላሻል" የሚል አንድ ቃል ነበር። እሱ ግን ስልኩን፣ ከመበላሸቱ በፊት የተነኩትን ነገሮች በቅደም ተከተል፣ ምን መሆን እንደነበረበትና ምን እንደሆነ ካልጻፈ አያስመዘግብም።

የተገኙት፦ በአንድ ስልክ ላይ የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሣጥን ሆኖ ታየ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት ከጌሙ ጋር ስንጭነው ተስተካከለ። ስልክ ሲደወል ጌሙ አይቆምም ነበርና ተጫዋቹ "ሃሎ" ሲል መኪናዋ ገደል ትገባለች፤ ይህም ተስተካክሏል።

ሁለት ማታ የፈጀው ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ደርሶ ሁሉም ተሳፋሪ ከወረደ በኋላ፣ ባዶ በሆነችው መኪና ውስጥ "ወራጅ አለ!" የሚል የሴት ድምፅ ይሰማል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ከስምንት ጉዞ በአንዱ። ሞካሪው 40 ጊዜ ያህል ወርዶ፣ ይህ የሚሆነው አንዷ ተሳፋሪ ለመውረድ ከጠየቀች በኋላ በሦስት ሴኮንድ ውስጥ መኪናዋ መጨረሻ ላይ ከደረሰች ብቻ መሆኑን አወቀ። ድምፁን የሚያስነሣውን ሰዓት ቆጣሪ በተሳፋሪዋ ላይ ማሰር ሲገባኝ በመኪናዋ ላይ አስሬው ስለነበር፣ ሴትየዋ ስትጠፋም ቆጣሪው ይቀጥል ነበር። አንድ መስመር ኮድ ነው የተቀየረው። የሠዓሊዋ እናት ግን የራሳቸው ድምፅ መሆኑን ስላወቁ፣ "እኔን ሳታወርዱ ነው የሄዳችሁት ማለት ነው" እያሉ ሲስቁብን ሰነበቱ።

የውጭ ሰው ስናስሞክር ፒያሳ ላይ ተራ የሚጠብቁ የባጃጅ ሹፌሮችን መረጥን። ሞካሪው ያወጣው ደንብ አንድ ነው፦ ተጫዋቹ ምንም ቢሳሳት ከጎኑ የተቀመጠው ሰው እንዳይናገር። በመጀመሪያው ቀን ይህን ያፈረስሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ "ማርሽ ቀንስ" አልሁ። ከዚያ በኋላ ሙከራ ላይ እንዳልገኝ ተወሰነ።

ሳምንት 15 እስከ 18

ከጥምቀት በኋላ ወደ ጉግል ፕሌይ ገባን። የምዝገባው ክፍያ 25 ዶላር ሲሆን አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል፤ በዶላር መክፈያ ካርድ ማግኘት ግን ከክፍያው በላይ አድካሚ ስለሆነ በውጭ አገር ያለ የድምፅ ባለሙያው ወንድም ከፈለልን። አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ጌሙን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በዝግ ሙከራ ውስጥ እንዲቆዩለት ይገደዳል። እኛ 15 ሰው መዘገብን፤ በዘጠነኛው ቀን አምስቱ ወጥተው ስለተገኙ ቁጥሩ 10 ሆነ፣ ቆጠራውም እንደገና ተጀመረ። ከወጡት አንዱ "ስልኬ ሞላ" አለ፤ ሌላው ጌሙን ጨርሼዋለሁ አለ። ፕሮዲዩሰሯ በሁለተኛው ዙር 20 ሰው ጽፋ በየሁለት ቀኑ ለእያንዳንዱ ደወለች። የአየር ሰዓት 350 ብር።

ሳምንት 20 (ከየካቲት 17)

በዚህ ሳምንት ዐቢይ ጾምም ረመዳንም ስለገቡ ስብሰባው ከአፍጥር በኋላ ሆኗል። የቀረው የስሞች ገጽ ነው፤ ቀላል መስሎን ወደ መጨረሻ የገፋነው ሥራ ሦስት ማታ ፈጀ።

ስም መጻፍ በጌም ሥራ ውስጥ የቆየ ጠብ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያ የሠራተኞቹን ስም በጌሞቹ ላይ አያወጣም ነበር፤ ይህ ካስከፋቸው መካከል አራት ፕሮግራመሮች ወጥተው በ1979 አክቲቪዥን የተባለውን የጌም ኩባንያ በመመሥረቱ ተካፈሉ፤ ዋረን ሮቢኔት የተባለው ደግሞ በ1980 በወጣው "አድቬንቸር" ውስጥ ስሙን በድብቅ ክፍል ውስጥ ጽፎ አለፈ። እኛ ግን ስሙን የሚከለክለን ሳይኖር እርስ በርስ ተጣላን። ማን ይቅደም የሚለውን ፕሮዲዩሰሯ በፊደል ተራ ቆረጠችው። ድምፅ የሰጡት ሰዎች፣ የሠዓሊዋ እናት ጭምር፣ እንዲገቡ ማንም አልተቃወመም።

ያልተቋጨው የረዳቱ ነበር። "ዲዛይነር" የሚለውን አልፈልግም አለ፤ መናኸሪያ ያሉ ጓደኞቹ ልብስ ሰፊ ሆንህ ወይ ይሉኛል ብሎ ፈራ። "ረዳት ብላችሁ ጻፉልኝ፤ ሥራዬ ነው" አለ። ፕሮዲዩሰሯ እምቢ አለች፦ በስም ገጽ ላይ "ረዳት" የሚል ከተጻፈ የሚያነበው ሰው የእኔ ረዳት እንደሆነ ይረዳል፣ ደብተሯ ላይ ግን ከሳምንት 7 ጀምሮ በዲዛይን ዓምድ ያለው ስም የእሱ ብቻ ነው። ሁለቱም አልበገር አሉ። በመጨረሻ ሠዓሊዋ ገጹን እንደ መስመር ታፔላ ሠራችው፤ ስሞቻችን እንደ ፌርማታ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። በእሱ ፌርማታ ላይ "የጌሙ ንድፍ" ይላል፤ ከስሙ አጠገብ ደግሞ የተከፈተ የሚኒባስ በርና በሩ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ተሥሏል። "ፕሮግራመርና ዲዛይነር" ይል የነበረው የእኔ መስመር "ፕሮግራም" ብቻ ሆኗል።

ገጹን አይቶ ብዙ አልተናገረም፤ የሰውየው እጅ በሩን የያዘበት ቦታ ልክ አይደለም፣ ከላይ ያለውን ብረት ነው የሚይዘው አለ። ሠዓሊዋ አስተካከለችው። 48 ሜጋባይት የሆነውን ፋይል ዓርብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጫንነው።